ዙሩ ሲከር ማስታወቂያ

ስምንት ዙር ቀርቷል። አሥራ ሁለት ሯጮች ተያይዘው እየዞሩ ነው፤ ሦስቱ የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሰዋል። አርብ ገበያ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ድምፁን ቀንሷል። ሻይ የምትቀዳዋ ልጅ እንኳ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ቆማለች። ከፊት ያለው ኬንያዊ ዘወር ብሎ ኋላውን አየ። አንዱ ወጣት ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «አሁን ነው፣ ሊወጣ ነው!» አለ። በዚያችው ቅጽበት የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ገባ። ከሳሙናው ቀጥሎ ብስኩት፣ ከብስኩቱ ቀጥሎ የባንክ ዕጣ መጣ። ሥርጭቱ ወደ ሜዳው ሲመለስ አምስት ዙር ቀርቷል። አሥራ ሁለት የነበሩት አራት ሆነዋል፤ ከሦስቱ ኢትዮጵያውያንም ከፊት የሚታየው አንዱ ብቻ ነው።

«ያ ቀጭኑ ልጃችን የት ገባ?» ይላሉ ጥግ የያዙት አዛውንት።

«እኔ እንጃ አያ፤ እኛ ማስታወቂያ ላይ ነበርን።»

ይህ የአንድ ቀን ወግ አይደለም። ሰው ተሰብስቦ ሩጫ በሚያይበት ቤት ሁሉ በየክረምቱ የሚደጋገም ነው። ቅሬታው ደግሞ ከማስታወቂያው ይሰፋል። ካሜራው ፊተኛውን ብቻ ይከተላል። የዙር ሰዓት አይነገርም። ሥርጭቱ ጦር ውርወራ ሊያሳይ ሄዶ ሲመለስ ቡድኑ ተበታትኖ ይገኛል። የሴቶቹ ማራቶን ከወንዶቹ ሥር ይሸጎጣል። እነዚህ ሁሉ ምንጫቸው አንድ ነው፤ የረጅም ርቀት ሩጫ መነሻና መድረሻ እንጂ መሐል የለውም የሚል እምነት። ሩጫ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው ግን ተቃራኒውን ነው። ብዙው ሩጫ የሚያልቀው መሐል ላይ ነው፤ የመጨረሻው ዙር ብዙ ጊዜ የሚያሳየን ቀድሞ ያለቀውን ጉዳይ ነው።

የክረምት ጉዳይ

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከላይ ጋይንት ደጋ በስተደቡብ፣ መሬቱ ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚያዘነብልበት አገር ትገኛለች። በዚህ አካባቢ፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ፣ ሩጫ በቴሌቪዥን ማየት የክረምት ጉዳይ ነው። ኦሎምፒኩም የዓለም ሻምፒዮናውም ብዙውን ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላሉ። ተማሪው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤቱ ነው። ገበሬው አረም ላይ ነው። ፍልሰታ ገብቶ ሰው ይጾማል፤ ቅዳሴውም ረዘም ይላል። የፓሪሱ ኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን የተካሄደው ነሐሴ 4 ቀን 2016፣ የሴቶቹ በማግሥቱ እሑድ ነበር። ሁለቱም የጀመሩት በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግማሹ ያመለጠው ሰው ጥቂት አልነበረም ብሎ መገመት አያዳግትም።

ክረምቱ ለዲሹም አይመችም። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች አብዛኞቹ አሁን የሚተላለፉት «ኢትዮሳት» በተባለው መስመር፣ ከምድር ወገብ በላይ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ በቆመ ሳተላይት ነው። ለቤት ዲሽ የሚያገለግለው ሞገድ በጣም አጭር በመሆኑ ከባድ ዝናብ ይውጠዋል፤ ጠብታው ጉልበቱን ይመጥበታል፣ ይበትነዋልም። ስለዚህ ከጉና ተራራ በኩል ደመናው ጠቁሮ ሲመጣ ምስሉ መጀመሪያ ይሰባበራል፣ ከዚያ ይቆማል፣ በመጨረሻም «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። መብራት መጥፋቱ የተለመደ ስለሆነ አይነሳም። ይህን ሁሉ ችሎ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ተመልካች ትዕግሥት የለውም ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ቴሌቪዥን ብቸኛው መስኮት የሆነበት ጊዜም ነበር። ነሐሴ 13 ቀን 2015 ምሽት በቡዳፔስቱ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ሲካሄድ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። ዕለቱ የደብረ ታቦር በዓል ነው። ቀን ሙልሙሉን የበሉት ልጆች ማታ 4 ሰዓት ገደማ ጉዳፍ ፀጋይን፣ ለተሰንበት ግደይንና እጅጋየሁ ታዬን አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሆነው ሲገቡ ማየት የሚችሉት በቴሌቪዥን ብቻ ነበር። በስልክ መፈለግ፣ ያመለጠን ዙር በኋላ በዩቲዩብ ማየት የሚባል አማራጭ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለ ተመልካች ጣቢያው ሲያናድደው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ጋይንት ያለው ግን ጣቢያው የቆረጠበት እንደተቆረጠ ይቀርበታል።

የቡዳፔስቱ ሩጫ በአንድ በኩል ለቴሌቪዥን የተመቸ ነበር። ዙሩ ቀርፋፋ ሆኖ ቆይቶ ጉዳፍ ያሸነፈችበት ሰዓት 31 ደቂቃ ከ27.18 ሰከንድ ነው። ጉዳዩ ሁሉ ወደ መጨረሻው ዙር ተገፋ፤ ተፎካካሪዋ ሲፋን ሐሰን እንኳ የወደቀችው መግቢያው ጥቂት ሜትር ሲቀረው ነው። መሐሉን ያላየ ሰው ብዙ አልቀረበትም። ችግሩ ሁሉም ሩጫ እንዲህ አለመሆኑ ነው።

ምስሉ ከየት ይመጣል?

ስታዲየም ውስጥ ካሜራው ቆሞ ሯጩ ይዞራል። ጎዳና ላይ ግን ካሜራው ራሱ አብሮ መጓዝ አለበት። ስለዚህ ካሜራ የያዘው ሰው ሞተር ብስክሌት ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጣል። የሚቀርጸው ምስል በሬዲዮ ሞገድ ከላይ ወደሚያንዣብብ ሄሊኮፕተር ወይም አውሮፕላን ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ምድር መቀበያ ይወርድና ወደ ሥርጭት መኪናው ይገባል። መኪናው ውስጥ ያለው ዳይሬክተር ፊቱ ከተደረደሩት ስክሪኖች አንዱን ይመርጣል። ለዓለም የሚወጣው ያ የተመረጠው ነው።

ሞተር ብስክሌቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ውድ ናቸው፤ ሲበዙም ለሯጮቹ መንገድ ይዘጋሉ። ስምንት ሰዎች አብረው ሲሮጡ አንድ ካሜራ ይበቃል። ስምንቱ በአምስት ቦታ ሲበተኑ ግን ዳይሬክተሩ መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ሁልጊዜ የሚመርጠውም ፊተኛውን ነው። የኋለኛው ምን ያህል እንደራቀ የሚታወቀው በየ5 ኪሎ ሜትሩ መሬት ላይ በተነጠፈው የሰዓት መመዝገቢያ ላይ ሲያልፍ ነው። በሁለቱ ምንጣፎች መካከል፣ ለሩብ ሰዓት ያህል፣ ተመልካቹ አንድ ሰው ብቻውን ሲሮጥ ያያል። ልዩነቱ እየሰፋ ይሁን እየጠበበ የሚነግረው የለም።

በስታዲየም ሩጫ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። 10,000 ሜትር ሲሮጥ በዚያው ሰዓት ዝላዩም ውርወራውም ይቀጥላል። በታላላቆቹ ውድድሮች አዘጋጁ የትራኩን፣ የዝላዩንና የውርወራውን ምስል ለየብቻ ያዘጋጃል፤ ሁሉንም ያቀላቀለ አንድ ሥርጭትም አለው። ገንዘብና ባለሙያ ያለው ጣቢያ ከነዚህ የራሱን ሕዝብ የሚያስደስተውን ይመርጣል። የተቀላቀለውን እንዳለ የሚወስድ ጣቢያ ግን የሚያሳየው የሌላ ሰው ምርጫ ነው። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ኢትዮጵያዊ ተመልካች የሯጩን ትከሻ አይቶ ድካሙን እንደሚያነብ አያውቅም፤ ለእሱ አሥራ አራተኛው ዙር ከአሥራ አምስተኛው አይለይም።

ማስታወቂያው ግን በባዕድ አይሳበብም፤ እሱ የሚገባው እዚሁ ነው። እግር ኳስ ዕረፍት አለው፤ አስተዋዋቂው አሥራ አምስቱን ደቂቃ ይጠብቃል። 10,000 ሜትር ዕረፍት የለውም። የወንዶቹ ሃያ ሰባት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ አንድ ዙር ከ63 እስከ 65 ሰከንድ ይሄዳል። የሦስት ደቂቃ ማስታወቂያ ማለት ወደ ሦስት ዙር፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሩጫ ማለት ነው። በእግር ኳስ ጨዋታ መካከል፣ ኳሱ እየተንከባለለ፣ አሥር ደቂቃ ቆርጦ ሳሙና ለማሳየት የሚደፍር ጣቢያ ቢኖር የዲኤስቲቪ ቤቱ ወንበር በሰላም አይውልም ነበር።

መሐል ላይ ያለቁ ሩጫዎች

መስከረም 15 ቀን 1993 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። 27 ደቂቃ ከ18.20 እና 27 ደቂቃ ከ18.29። በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የተለያዩት ከዚያ በሚበልጥ፣ በ0.12 ሰከንድ ነበር። ይህ አጨራረስ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስንት ጊዜ እንደታየ ቆጥሮ የሚዘልቅ የለም። ጣቢያዎቹ ከዚህ የተማሩት ትምህርት ግን የተሳሳተ ይመስላል። ሩጫ ማለት የመጨረሻው መቶ ሜትር ነው ብለው ደመደሙ።

አልማዝ አያና ይህን ድምዳሜ ታፈርሰዋለች። ነሐሴ 6 ቀን 2008 ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በሪዮ ኦሎምፒክ የሴቶች 10,000 ሜትር፣ ኬንያዊቷ አሊስ አፕሮት ከጅምሩ ዙሩን አከረረችው። ሩጫው ግማሽ ላይ ሲደርስ አልማዝ መሪነቱን ተቀበለችና ሄደች። ቪቪያን ቼሩዮትና ጥሩነሽ ዲባባ በኋላ ተከታትለው ቢገቡም ለወርቁ የሚያሰጋት አልነበረም። 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ያልተነካውን የዋንግ ጁንሺያን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሻለችው። የዚህን ሩጫ የመጨረሻ ዙር ብቻ ያየ ሰው የሚያየው አንዲት ሴት ብቻዋን ስትሮጥ ነው። ከአሥራ ሁለተኛው ዙር ጀምሮ ያየ ሰው ግን ክብረ ወሰን እንዴት እንደሚሰበር አይቷል፤ በአማካይ ሰባ ሰከንድ የሆነ ዙር፣ አንድ በአንድ፣ ሳይዛነፍ።

የፓሪሱ የወንዶች 10,000 ሜትር ሌላ ዓይነት ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2016 ሰሎሞን ባረጋ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻና በሪሁ አረጋዊ መሪነቱን እየተቀባበሉ ዙሩን አከረሩት። ሐሳቡ የጆሹዋ ቼፕቴጌን የመጨረሻ ፍጥነት ቀድሞ ማድከም ነበር። አልሆነም። ቼፕቴጌ በ26 ደቂቃ ከ43.14 ሰከንድ አሸነፈ፤ በሪሁ በ0.30 ሰከንድ ተቀድሞ ብር አመጣ። ሩጫው ከመፍጠኑ የተነሳ ቀነኒሳ በቀለ ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበውን የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሥራ ሦስት ሰዎች አሻሻሉት። ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር የሩጫ አፍቃሪ እውነተኛ ደስታ ነው። ሦስቱም መምራት ነበረባቸው ወይስ አንዱ መቆጠብ? ዙሩ ይበልጥ መክረር ነበረበት ወይስ ቀድሞ ከርሮ ነው የቀረው? ይህን ለመከራከር ማን መቼ እንደመራ ማየት ያስፈልጋል። መሐሉ የተቆረጠበት ሰው የሚቀረው «ተሸነፍን» ማለት ብቻ ነው።

በማራቶን የሚሆነው ከዚህ ይብሳል። መስከረም 18 ቀን 2012 በርሊን ላይ ቀነኒሳ፣ ብርሃኑ ለገሠና ሲሳይ ለማ አብረው ነበሩ። 30 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ቀነኒሳ የጭኑን ጡንቻ አሞት ወደ ኋላ ቀረ። ፊተኛውን ብቻ ለሚከተል ካሜራ የቀነኒሳ ነገር እዚያ ላይ አበቃ። እሱ ግን አላበቃም። ልዩነቱን ጥቂት በጥቂት አጥብቦ 40 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ብርሃኑን አልፎ ሄደ፤ 2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። የኤሊዩድ ኪፕቾጌ የወቅቱ ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ39 ነበር። ሁለት ሰከንድ! በእነዚያ ደቂቃዎች የሩጫው ቁም ነገር ብርሃኑ ፊት እንዴት እንደሚሮጥ አልነበረም። ከኋላ ያለው ልዩነት በየኪሎ ሜትሩ በስንት እየጠበበ እንደሆነ ነበር። እሱን የሚያሳይ አንድ ቁጥር ስክሪን ላይ ቢቀመጥ የአገሩ ሰው በሙሉ ትንፋሹን ይውጥ ነበር።

ታምራት ቶላም ፓሪስ ላይ ያሸነፈው መግቢያው ላይ አይደለም። ታምራት መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተካ። መንገዱ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ቬርሳይ ደርሶ የሚመለስ፣ ለማራቶን ያልተለመደ ዳገት የበዛበት ነበር። 28ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አንዱ ዳገት ከመቶ ሜትር ውስጥ አሥራ ሦስት ተኩል ይወጣል። ታምራት አፈትልኮ የሄደው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን እስኪገባ ድረስ አልተያዘም። ከበሽሎ ወንዝ ሸክም ይዞ ወደ ጋይንት ደጋ የወጣ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል፤ ዳገት ላይ የሚቀድመው የፈጠነው ሳይሆን አረማመዱን ያልቀየረው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ተመልካች «ረጅም ስለሆነ ይሰለቻል» ብሎ መሐሉን መቁረጥ አለማወቅ ነው።

ዘጠና ደቂቃ

ጥፋቱ የጣቢያዎች ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2011 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር፣ በዚያን ጊዜ ስሙ አይኤኤኤፍ፣ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ በዳይመንድ ሊግ ከ3,000 ሜትር የሚረዝም ሩጫ እንደማይኖር አስታወቀ። የተሰጠው ምክንያት ቴሌቪዥን ነው። ሥርጭቱ ዘጠና ደቂቃ እንዲሆንና ፈጠን ያለ ትዕይንት እንዲታይ ተፈለገ። በ2012 መጀመሪያ ደግሞ 200 ሜትር፣ 3,000 ሜትር መሰናክል፣ ሱሉስ ዝላይና ዲስከስ ከዋናው ዝርዝር ወጡ። አሥሩ ሺህ ሜትር ቀድሞውንም ዳይመንድ ሊግ ውስጥ ቋሚ ቦታ አልነበረውም። አሁን አምስቱ ሺህም ሊከተለው ሆነ። ከኢትዮጵያና ከኬንያ ተቃውሞ ተነሳ፤ ኃይሌ ገብረሥላሴም ውሳኔውን በይፋ ነቀፈ።

ነገሩ ለምን እንዳስቆጣ ለማወቅ የአትሌቱን ኑሮ ማየት ይበቃል። ሜዳሊያ በየአራት ወይም በየሁለት ዓመቱ ይመጣል፤ እንጀራው ግን በየክረምቱ ከሚሮጠው ውድድር ነው። አምስት ሺህ ሜትር ከተዘጋ ወጣቱ ሯጭ ትራኩን ትቶ ገና በልጅነቱ ወደ ማራቶን ይሄዳል። የኮሮና ወረርሽኝ የ2012ን ውድድሮች ስላመሰቃቀለ ዕቅዱ እንደታሰበው ሳይተገበር ቀረ፤ በ2013 አምስት ሺህ ሜትር ተመለሰ። አስተሳሰቡ ግን አልሄደም። በመስከረም 2019 ዓ.ም. መግቢያ ቡዳፔስት ላይ ለሚካሄደው አዲሱ «አልቲሜት» ሻምፒዮናም የእያንዳንዱ ምሽት ውድድር ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይረዝም ተብሎ 10,000 ሜትር ከዝርዝሩ ውጭ ሆኗል።

የራሳችን ቡድን መምረጫ ሩጫ እንኳ ከዓይናችን የራቀበት ጊዜ አለ። ሰኔ 1 ቀን 2013 ለተሰንበት ግደይ የሴቶችን 10,000 ሜትር ክብረ ወሰን 29 ደቂቃ ከ01.03 ያደረሰችው በኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ቡድን መምረጫ ውድድር ላይ ነው። ቦታው ግን ሄንገሎ፣ ኔዘርላንድስ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ፈጣን ሰዓት አይሮጥባትም፤ ሄንገሎ ደግሞ ኃይሌ በ1990 በ26 ደቂቃ ከ22.75 የሮጠበት ሜዳ ነው። ለአትሌቶቹ ይጠቅማል። ለጋይንት ተመልካች ግን አገሩ ቡድኗን ስትመርጥ በማግሥቱ ዜና መስማት ሆነበት።

አባቶቻቸው የሮጡ ይመስል

የሴቶቹ ጉዳይ ለብቻው ይነሳ። በርሊን ላይ ወንዶችና ሴቶች አብረው ይነሳሉ፤ ሥርጭቱም አንድ ነው። መስከረም 13 ቀን 2016 ትዕግሥት አሰፋ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የብሪጅድ ኮስጌይን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል፣ ከፊት ኪፕቾጌ አምስተኛ የበርሊን ድሉን እያሳደደ ነበር። በአንድ ስክሪን ሁለት ታሪክ ሲሮጥ ዳይሬክተሩ ወደ ታዋቂው ስም ማዘንበሉ አይቀርም። ሴቲቱ ደግሞ በወንድ አሯሯጮች ተከባ ስለምትሮጥ ከሩቅ የምትለየው በጭንቅ ነው። የለንደን፣ የቦስተንና የኒውዮርክ ማራቶኖች ምርጥ ሴቶችን ለብቻቸው በማስነሳት ይህን መፍታት እንደሚቻል አሳይተዋል። ትዕግሥት ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ለንደን ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ስትገባ፣ ያለ ወንድ አሯሯጭ የተሮጠ የሴቶች ክብረ ወሰን፣ ሩጫው የሴቶቹ ብቻ ነበር።

በፓሪሱ የሴቶች ማራቶን የተደረገውም ይታወሳል። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ሲፋን ሐሰንና ትዕግሥት ተገፋፉ፤ ሲፋን በሦስት ሰከንድ ቀደመች፤ የኢትዮጵያ ቡድን ያቀረበው አቤቱታም ውድቅ ሆነ። ያች ግፊያ ከየማዕዘኑ ተደጋግማ ታየች። ሲፋን ረጅሙን ርቀት ከቡድኑ ጀርባ ተንጠልጥላ፣ እየራቀች እየተመለሰች እንዴት ጉልበቷን እንዳቆየች ግን የሚተነትን ጠፋ። ሆኖም ግፊያው ላይ ያደረሳት እሱ ነበር።

ከዚያ ደግሞ የስም ጉዳይ አለ። በዓለም አቀፉ ሥርጭት ሯጮቻችን የሚጠሩት በአባታቸው ነው፤ ደረታቸው ላይ የሚለጠፈውም እሱ ነው። ቡዳፔስት ላይ ፀጋይ፣ ግደይና ታዬ ሦስቱን ሜዳሊያ ጠራርገው ወሰዱ፤ አባቶቻቸው የሮጡ ይመስል። ለውጭ ሰው ልማዱ ስለሆነ ይቅር ይባል። የእኛው ጣቢያ ተንታኝ ግን ስክሪኑ ላይ ያየውን የአባት ስም እያነበበ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ሲደናገረው፣ ሯጮቹን ቀድሞ እንዳላጠናቸው ያስታውቃል።

ጃፓኖች እንዴት ቻሉት?

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሲያሸንፍ ከአክሱም ሐውልት አጠገብ አፈትልኮ እንደወጣ ይነገራል። ሕዝቡ ድሉን የሰማው በሬዲዮ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1957፣ ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሳምንታት ብቻ አልፈውት በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የጃፓኑ ኤንኤችኬ ካሜራ መኪና ላይ ጭኖ፣ ምስሉን በሄሊኮፕተር አቀባብሎ፣ ማራቶኑን ከመነሻ እስከ መድረሻ በቀጥታ አስተላለፈ። ጃፓናዊው አንድ ኢትዮጵያዊ ለብቻው ሲሮጥ ቁጭ ብሎ አየ፤ አልሰለቸውም።

ያ ልማድ እዚያ አገር ሥር ሰደደ። ሃኮኔ ኤኪደን የሚባለው የተማሪዎች የቅብብል ሩጫ እ.ኤ.አ. በ1920 የተጀመረ ነው። በየዓመቱ ጥር 2 እና 3 በፈረንጆቹ፣ ከቶኪዮ መሐል ተነስቶ ወደ ሃኮኔ ተራራ ወጥቶ ይመለሳል። አሥር ሯጮች 217 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከፋፈላሉ። ተራራው ምስል ለማስተላለፍ አስቸጋሪ ስለነበር ኒፖን ቴሌቪዥን በቀጥታ ማሳየት የቻለው እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ ነው። አሁን ሁለት ቀን ሙሉ፣ ለሰዓታት ይተላለፋል፤ በአንዳንድ ዓመታት የተመልካቹ መጠን 30 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። የብስክሌቱ ቱር ደ ፍራንስም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሁሉንም ዕለት ከመነሻ እስከ መድረሻ ያስተላልፋል። ከፊት ባመለጡትና ከኋላ ባለው ቡድን መካከል ያለው ልዩነት ከስክሪኑ ጥግ አይነሳም፤ ሰው ያን ቁጥር እያየ ይውላል።

እነዚህ ተመልካቾች ከእኛ የተለየ ትዕግሥት የላቸውም። ልዩነቱ የሚነገራቸው ነገር መኖሩ ላይ ነው።

ምን ይደረግ?

የሚጠየቀው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ማስታወቂያው ከሩጫው በፊትና በኋላ ይሁን፤ ካልሆነም ሩጫው በትንሽ ሳጥን ውስጥ እየታየ ይግባ። የእያንዳንዱ ዙር ሰዓትና ልዩነቱ በአማርኛ ስክሪኑ ላይ ይጻፍ፤ አንድ ሰው የሩጫ ሰዓት ይዞ ሊሠራው ይችላል። ከተንታኙ አጠገብ ትራክ ላይ የሮጠ ሰው ይቀመጥ። «ዙሩ ከሯል» ማለት ለማንም አይከብድም፤ ለምን እንደከረረና ማን እንደተጎዳ የሚያውቀው ግን የሮጠው ነው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ አጨራረሱን አሥር ጊዜ ከመደጋገም ሩጫው የተወሰነበት ዙር አንድ ጊዜ ይታይ።

አገር ውስጥም ብዙ ይሠራል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ1994 ጀምሮ በአዲስ አበባ ጎዳና ሲካሄድ በቀጥታ እየታየ ነው፤ ስለዚህ የጎዳና ሩጫ ማሳየት ከአቅማችን በላይ አይደለም። የጃን ሜዳው አገር አቋራጭና የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሻምፒዮናም በሙሉ ቢታዩ፣ ባህር ዳር ያለው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም (አሚኮ) የክልሉን ክለቦች ሩጫ ከዳር እስከ ዳር ቢያሳይ፣ ተመልካቹ ልጆቹን ኦሎምፒክ ከመድረሳቸው በፊት ያውቃቸዋል። አሁን የምናውቃቸው ካሸነፉ በኋላ ነው።

የሚቀጥለው የዓለም ሻምፒዮና በ2020 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ሰሞን ቤጂንግ ላይ ነው። የቤጂንግ ምሽት 2 ሰዓት ለአርብ ገበያ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል፤ ክረምቱም እያለፈ ነው። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ሰው ተኝቷል የሚል ሰበብ አይኖርም። አሥሩ ሺህ ሜትር ሃያ አምስት ዙር ነው፤ ሃያ አምስቱን አሳዩን። ተሰላችተን ብንነሳ ጥፋቱ የእኛ ይሁን።